ተረቴን መልሱ

መጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ጎን፣ አንድ አሮጌ የዲቪዲ ሳጥን አለ። ያገለገሉ ልብሶችና ስኒዎች ከሚሸጡበት የሰፈራችን ሱቅ በአንድ ፓውንድ የገዛሁት ነው። ሽፋኑ ላይ ጥንቸል ይታያል። ታች ጥጉ ላይ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን አለች፤ በውስጧ አንዲት ፊደል፦ «ዩ»። እዚህ እንግሊዝ አገር የትኛው ፊልም ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን የሚመድብ ቦርድ አለ። ከ1912 ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። «ዩ» ለሁሉም ይሆናል ማለት ነው፤ የአራት ዓመት ልጅም ሊያየው ይችላል።

ሳጥኑን ስገዛ ያመንኩት ፊደሏን ነው። ጥንቸሉንም አምኜዋለሁ። በእጅ የተሣለ እንስሳ ካየን የልጅ ነው ብለን እናልፋለን፤ ሰው ያለበትን ፊልም ግን ቆም ብለን እንመረምራለን። ለምን እንደዚያ እንደሆንን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ፊልሙ «ዎተርሺፕ ዳውን» ይባላል፤ በማርቲን ሮዘን ተዘጋጅቶ በ1978 የወጣ ነው። መኖሪያ ጉድጓዳቸው ሊጠፋ እንደሆነ ከመካከላቸው ትንሹ በራእይ ያየላቸው ጥቂት ጥንቸሎች ተሰደው አዲስ አገር ይፈልጋሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

ያየነው በ2016 መጋቢት ውስጥ፣ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ከርማ ነበር። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ሽሮ ጥጄ ስለነበር ከወጥ ቤት ሳሎን እመላለሳለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሥዕሉን ብቻ ነው የምታየው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ።

አንድ ጊዜ ስወጣ ትንሹ ጥንቸል ሜዳው ደም ሲለብስ እያየ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ጊዜ ስወጣ ጭልፊት አንዷን ነጥቆ ሄዷል። ሦስተኛው ላይ ማማሰያውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቢግዊግ የሚባለው ትልቁ ጥንቸል አንገቱ በሽቦ ወጥመድ ገብቶ፣ አፉ ደም የቀላቀለ አረፋ ደፍቋል። ትንፋሹ ይሰማል። ልጄ እግሯን ከሥሯ ሰብስባ ተቀምጣለች እንጂ አታለቅስም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

ሪሞቱን ለማንሣት ጎንበስ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ይቆይ» አለች። «ልጅቷ መሐሉ ላይ ናት። እዚህ ላይ ከቆረጥሽው እዚሁ ትቀራለች።»

አስቀመጥኩት። ሽሮው አረረ፤ እኔም ከሁለቱ ጎን ተቀመጥኩ። የወጥመዱን ካስማ ቆፍረው፣ በጥርሳቸው ቆርጠው አወጡት። ብዙ መከራ፣ ብዙ ንክሻ አለፈ። በመጨረሻ የመንጋው መሪ ሄዝል አርጅቶ ሣር ላይ ሳለ አንድ ጥላ የመሰለ ጥንቸል ይመጣበታል። በለሆሳስ ያነጋግረዋል፤ ሄዝል ጎኑን መሬት ላይ ያሳርፋል፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያቆማል። በዙሪያው ወጣቶቹ ሣራቸውን ይግጣሉ።

«አረፈ» አለች እናቴ። ማንም አልተረጎመላትም።

ከዚያ የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ልጄ ዝም ብላ ስሞቹን ታያለች። እኔ ምን እንደምላት እያሰብኩ፣ ይቅርታ ልበላት ወይስ ልቀፋት ስል፣ እናቴ ወደ እሷ ዞራ፣ «በይ እንግዲህ፣ ተረቴን መልሺ» አለቻት።

እኛ ቤት፣ እኔ ባደግሁበት፣ ተረት የሚያወራው ሰው «ተረት ተረት» ሲል እኛ «የላም በረት» ብለን እንቀበላለን። ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ይህን ስሰማ ኖሬ ቤት መምቻ እንጂ ሌላ ነገር አልመስለኝ ብሎ ነበር። እናቴ ግን እንደ ትእዛዝ ነው የያዘችው። ተረቱን ተቀብለሻል፤ እንግዲህ መልሺው። በአፍሽ፣ በራስሽ ቃል። ለልጄ ነገሩን ሳስረዳት ዐይኗን አፍጥጣ ወደ አያቷ አየች።

«እማማ፣ አንቺ እኮ አይተሽዋል።»

«አየሁ እንጂ መች ሰማሁ? ንገሪኛ።»

ልጄ በተሰባበረ አማርኛዋ ጀመረች። ቤታቸው ሊፈርስ ነው አለች። ትንሹ ያውቃል፤ ትልልቆቹ አላመኑትም። በሌሊት ሄዱ። ደሙን በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፈችው። ጭልፊቱን ረሳችው። ሽቦው ላይ ስትደርስ ቃል አጣች፤ «ገመድ… የብረት ገመድ…» አለች፣ በሁለት እጇ አንገቷን ይዛ። «ወጥመድ» አለቻት እናቴ። «ወጥመድ» አለች ልጄ፤ ቃሉን አፏ ውስጥ እንደማገላበጥ አድርጋ ደገመችው። ከዚያ ወዲያ ለጊዜው አልቀጠለችም።

«እነዚያ ወፍራሞቹ ለምን አልመጡም? ሲጮሁ ሰምተዋል እኮ።»

ወፍራሞቹ ያለቻቸው ስደተኞቹን ያስተናገዱ ጥንቸሎች ናቸው። ጉድጓዳቸው ሰፊ፣ ጠጉራቸው የሚያብረቀርቅ፣ ምግባቸው ደጃቸው ድረስ የሚመጣላቸው። ወጥመዱ ያለው እነሱ ሜዳ ላይ ነው። ጓደኛችን እየሞተ ነው፣ ድረሱልን ሲባሉ ግን አንድ እንኳ አልተነሣም። ሪቻርድ አዳምስ የጻፈው መጽሐፍ ከፊልሙ ይልቅ ያብራራዋል። ምግቡን የሚጥልላቸው ገበሬ ነው፤ ጠላቶቻቸውን ተኩሶ ያርቅላቸዋል፤ በለውጡ አልፎ አልፎ አንዳቸውን በሽቦ ይወስዳል። ሁሉም ያውቃሉ። ስለዚህ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ እገሌ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ይህን ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። «እንደ በግ ነዋ» አለች። «ለበዓል እንደሚቀለብ በግ።»

«በጉ ያውቃል?» አለች ልጄ።

እናቴ ቶሎ አልመለሰችም። «እኔ እንጃ፣ የኔ ልጅ» አለች በኋላ። «ሣር ስትሰጪው ይበላል።»

ደብረ ብርሃን በብርዱና በበጉ ነው የሚታወቀው። ለገና ከመንዝ የመጣ ጥቁር በግ ከባሕር ዛፉ ሥር ታስሮ አራት ቀን የቀለብኩትን አሁንም አልረሳሁም። ስድስት ዓመቴ ይሆናል። ከአጥር ሥር ሣር እየነቀልኩ እሰጠዋለሁ፤ አፍንጫው መዳፌን ያርሰዋል። በበዓሉ ማለዳ አጎቴ ጋቢውን አውልቆ፣ ቢላዋውን ስሎ፣ «በስመ አብ» ብሎ ባረከው። ቆሜ አየሁ። ይህ ለስድስት ዓመት ልጅ ይሆናል ወይስ አይሆንም ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ጥያቄውም ለማንም የሚመጣ ጥያቄ አልነበረም።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ስንገናኝ፣ «እኛ ሁሉን አይተን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?» የምንለው ነገር አለ። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም። ከበጉ በኋላ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ገመድ ዛሬም ይታየኛል። ሆኖም በዚያ ግቢ ውስጥ ብቻዬን አልነበርኩም። አጎቴ ይገፋል፣ እናቴ ጨጓራውን ታጥባለች፣ አክስቴ ቆዳው ላይ ጨው ትነሰንሳለች፣ የጎረቤት ልጆች እየተጋፉ ያያሉ። ዞሬ የማየው ፊት ሁሉ የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ይነግረኝ ነበር፤ ዶሮ ወጡ፣ ዳቦው፣ የቀኑ ቅድስና። ደግሞም በጉ ስሙን አልነገረኝም። ሕልም እንዳየ፣ ወንድሙን እንደሚወድ፣ እንደሚፈራ አልነገረኝም። የሥዕሉ ጥንቸል ግን ይህን ሁሉ ይናገራል። ሠዓሊው የእኛን ዐይን ነው የሰጠው። ያገር ቤቱ በግ በግ ሆኖ ሞተ፤ ቢግዊግ ሶፋችን ላይ ሊሞት የነበረው እንደ ሰው ነው።

እኛ ካየነው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በፈረንጆቹ የፋሲካ ዕለት፣ ለእኛው ፋሲካ ገና አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ይህንኑ ፊልም በቀን አሳየው። ወላጆች ልጆቻችን አለቀሱብን ብለው ተቆጡ፤ ጋዜጦችም ጻፉት። ያኔ ነው ፊደሏ ከየት እንደመጣች ማንበብ የጀመርኩት።

በ1978 ቦርዱ ውስጥ ፊልሙን ያዩት ሰዎች አስተያየታቸውን በጽሑፍ አስፍረዋል። ሥዕል በመሆኑ ደሙ እውነተኛ አስፈሪነቱን ያጣል፤ ልጆች እያዩት ስሜታቸው ሊነካ ይችላል፤ የተረቱ ፍዘት ከለቀቃቸው በኋላ ግን ብዙ አያስጨንቃቸውም፤ ስለዚህ «ዩ» ይገባዋል የሚል ነው ሐሳቡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለማለት በሚቻል ሁኔታ አቤቱታ ሲመጣበት ኖሯል። በዚያው በ2016 የቦርዱ ኃላፊ ፊልሙ ዛሬ ቢቀርብ «ፒጂ» ነበር የምንሰጠው አሉ፤ ወላጅ ያስብበት እንደማለት ያለው ቢጫው ሦስት ማዕዘን። በ2022 እንደገና ሲመረመር እውነትም «ፒጂ» ሆነ። አንዲት ፊደል ለመለወጥ 44 ዓመት።

እነዚያን ሰዎች ለመውቀስ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለማያውቋቸው ልጆች አጥብቀው አስበዋል። ቦርዱ ራሱ ባወጣው መመሪያ ላይ ስለ «ዩ» ሲያስረዳ፣ አንድን ልጅ ምን እንደሚረብሸው አስቀድሞ ማወቅ እንደማይቻል ይናገራል። መሥሪያ ቤት እንዲህ ብሎ ሲጽፍ አክብሮት ያድርብኛል። ከሐሳባቸው ሁሉ ያልተዋጠልኝ ያ ስለ ፍዘቱ የተባለው ነው። ፍዘቱ ሲለቃቸው ይላል። ማን ያስለቅቃል? መብራት ሲበራ በራሱ ይለቃል እንዴ? ስሞቹ ወደ ላይ ሲወጡ ልጄን አይቻታለሁ፤ ሜዳው ውስጥ ነበረች። ያ ቅዳሜ እናቴ ባትኖር እኔ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ «ውሸት ነው እኮ፣ ሥዕል ነው» ብዬ ወደ ራት እወስዳት ነበር። እሷም እየበላች ሜዳው ውስጥ ትቀር ነበር።

አዳምስ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የተናገረው በአፉ ነው። ለሁለት ሴት ልጆቹ፣ መኪና ውስጥ፣ ረጅም መንገድ ሲሄዱ። ጦርነት ያየ ሰው ነው፤ ከጥንቸሎቹ አንዳንዶቹን በጦር ሜዳ በሚያውቃቸው መኮንኖች አምሳል ቀርጿቸዋል። ታሪኩ ደም ቢኖረው አይገርምም። ነገር ግን ሲያወራ ልጆቹ አጠገቡ ነበሩ። ዝም ካሉ ዝምታቸውን ይሰማል፤ ከፈሩ ሽቦውን ቶሎ ይቆርጥላቸዋል፤ ከፈለጉ ደግሞ ያስረዝመዋል። ጻፈው ብለው የወተወቱት እነሱው ናቸው፤ ብዙ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ በ1972 መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ ፊልም ሆነ፣ ከዚያ ሳጥን። በእያንዳንዱ እርምጃ ተራኪው ከልጁ ፊት እየራቀ ሄደ። አረንጓዴዋ ፊደል የተቀመጠችው ፊቱ በነበረበት ቦታ ነው፤ ፊት ሆና እንድታገለግል።

በልጅነቴ አገር ቤት ቴሌቪዥን ላይ አባባ ተስፋዬ የእንስሳ ተረት ሲያወሩ፣ ጅቡ አህያውን ይበላ ነበር፤ ያን ያህል ለስላሳ ተረት አልነበረም። ግን እሳቸው በመስኮቱ ውስጥ ሆነው እያንዳንዳችንን የሚያዩን ይመስለን ነበር። ልጆችንም ጋብዘው ተረት ያስነግሯቸው ነበር። ያኔ እንዲሁ ደስ ይለኛል እንጂ፣ ያ የልጆቹ መናገር የተረቱ ሌላኛው ግማሽ እንደሆነ አልገባኝም።

ደም ቆጥሮ መፍረድ እንደማያዋጣ ያስተማረኝ ግን ሌላ ፊልም ነው። ልጄን አምስት ዓመቷ ሳለ «ባምቢ»ን አሳይቻት ነበር፤ የ1942ቱን የዲዝኒ ፊልም፣ ፌሊክስ ሳልተን ቪየና ሆኖ ከጻፈው መጽሐፍ የተወሰደውን። እሱም «ዩ» ነው። በውስጡ የእናት ሞት አለ፤ ሞቱ ግን አይታይም። በረዶ ነው፤ እናትና ልጅ ይሮጣሉ፤ ተኩስ ይሰማል፤ ግልገሉ ብቻውን ይደርሳል። ገዳዩ ሰውም በፊልሙ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም። አባትየው መጥቶ እናትህ ከእንግዲህ ካንተ ጋር ልትሆን አትችልም ይለዋል፤ ሞተች አይለውም። ወዲያው ጸደይ ነው፣ ወፎች ይዘምራሉ። አንዲት ጠብታ ደም የለም። ልጄ ግን ለወራት፣ ጫማዋን እያሰርኩላት፣ ጠጉሯን እየሠራኋት፣ «የት ሄደች?» ትለኝ ነበር። በኋላ የ1994ቱን «አንበሳው ንጉሥ» ስናይ አባትየው አንበሳ ሞቶ ይታያል፤ ግልገሉ ጆሮውን ይጎትተዋል፣ ከዚያ ገብቶ ክንዱ ሥር ይተኛል። ልጄ እዚያው ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ተነሥታም ውሃ ጠጣች። ስለ እሱ የት ሄደ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ያቺን ቅዳሜ ልጄ ተረቱን መልሳ ስትጨርስ እናቴ፣ «አፌን በዳቦስ?» አለች። ልጄ ወጥ ቤት ሮጣ ከተቆራረጠው ዳቦ አንድ ቁራጭ ይዛ መጣች፤ የእውነት አፏን ልትጠርግላት። እናቴ ከከንፈሯ አስነክታ ቆርሳ አጎረሰቻት፤ «እደጊ» አለቻት።

ሌሊቱን የመኝታ ቤቷን በር ገርበብ አድርጌ ቅዠት ስጠብቅ አመሸሁ። ተኝታ አደረች። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት አንድ ሥዕል ይዛ መጣች። መሐል ላይ ቢግዊግ በሽቦ ታስሯል፤ ደሙንም በቀይ እርሳስ አልሳሳችለትም። ሦስት ቀጫጭን ጥንቸሎች ካስማውን ይነክሳሉ። ከቀኝ በኩል፣ ከሰፊ ጉድጓድ፣ አራት ወፍራም ጥንቸሎች እየሮጡ ይመጣሉ። ዐስራ ስድስት እግር ቆጥሬያለሁ፤ እያንዳንዱ በአየር ላይ ነው። በፊልሙ ላይ ያልመጡት። ሥዕሉን እናቴ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ ደብረ ብርሃን ይዛው ሄደች።

ልጄ አሁን ዐስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ እኛ ጋ ሲያድር ሳጥኑን ከመደርደሪያው ላይ አገኘው። አምስት ዓመቱ ነው፤ ጥንቸል ይወዳል። «ይሄን!» አለ። ልጄ ሳጥኑን ተቀብላ አገላበጠችው፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች።

«ይሆነዋል?»

ፊደሏ እንደተለወጠች ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ስለ ፊደሏ እንዳልጠየቀችኝ ገባኝ። ትከሻዬን ስነቀንቅ ሳጥኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ከልጁ ፊት ለፊት እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ተረት ተረት» አለችው።

ዝም አላት። «የላም በረት በል» አለችው፤ እየሳቀ አለ። ከዚያ በአንድ እስትንፋስ እንግሊዝኛ፣ በአንድ እስትንፋስ አማርኛ እየቀላቀለች ጀመረች። ቤታቸው ሊፈርስ ስለሆነ ጥንቸሎች፤ ስለሚያውቀው ትንሹ፤ ስለ ሌሊቱ መንገድ። ወንዙን አሻገረቻቸው። ዝናብ አዘነበችባቸው። ከዚያ ካሮት ደጁ ድረስ ወደሚመጣለት ሰፊ ጉድጓድ አስገባቻቸው፤ ወፍራሞቹ ወጥተው እንዴት ዋላችሁ አሏቸው። ትልቁ ጥንቸል በማለዳ ተነሥቶ ሜዳውን ሊያይ ወጣ።

እዚያ ላይ ድምፅዋን ቀነሰች።

«ሣሩ ውስጥ» አለች፣ «ወጥመድ ነበር።»

ልጁ ቃሉን አያውቀውም። በሁለት እጁ የሶፋውን ጨርቅ ጨብጧል።

«ከዚያስ?» አለ።

ልጄ ቶሎ አልቀጠለችም። ጎንበስ ብላ ፊቱን እያየች ነበር።